ሠዓሊው አልብሬክት ዱረርና የቅጂዎቹ ዋጋ

ከቢቸና በስተ ሰሜን፣ ከሞጣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በመርጡለ ማርያም የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ሥፍራውን በመጀመሪያ ያስተከሉት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ንግሥቲቱ ከሐድያ ባላባት ወገን ተወልደው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የሆኑ፣ በኋላም ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩ ሴት ነበሩ። በወርቅ ያስጌጡት ያ የመጀመሪያው ሕንጻ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች ተቃጥሎ ሀብቱ ተዘርፏል፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ካህናት በዚያው ላይ ሌላ ሕንጻ ጀምረውበት ነበር፤ ለዛሬ ተመልካች የቀረው በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ሐረግና አበባ ነው።

እኒህ ንግሥት ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ልከው ነበር። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ በ1514 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊዝቦን ደረሰ፤ የንግሥቲቱንም ደብዳቤ አስረከበ። አፕሪል 7 ቀን 1515 መልሱን ይዞ ከመርከብ ጓድ ጋር ከሊዝቦን ወጣ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሜይ 20 ቀን፣ በዚያው ወደብ ከሕንድ የመጣ አንድ አውራሪስ ከመርከብ ወረደ። የጉጅራት ሱልጣን ለፖርቱጋሉ አገረ ገዥ ለአልቡከርክ የሰጠው፣ አልቡከርክም ለንጉሡ የላከው እንስሳ ነበር። ከሮማውያን ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ ፍጥረት በአውሮጳ ምድር ታይቶ ስለማያውቅ ከተማው ሁሉ ለማየት ወጣ፤ አንድ ነጋዴም መልኩን በደብዳቤና በንድፍ ወደ ጀርመን ላከ። ያ ንድፍ ኑረምበርግ ከተማ ሲደርስ እጁ የገባው አልብሬክት ዱረር ነው።

ዱረር እንስሳውን በዓይኑ አላየውም። ሆኖም ከንድፉ ተነሥቶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን አወጣ፤ ቆዳውን እንደ ጦር ልብስ በብረት ሳህን የተሸፈነ አስመሰለው፤ በትከሻው ላይም የሌለውን ትንሽ ጠምዛዛ ቀንድ ጨመረበት። ከአናቱ ያሳተመው ጽሑፍም እንስሳው የደረሰበትን ዓመት 1513 ብሎ ተሳስቷል። ከአውራሪስ ቆዳ ጋሻ ሲሠራ ያየ የሐበሻ አዳኝ ይህን ሉህ ቢያገኝ ኖሮ ሳይስቅ አይቀርም ነበር። ነገር ግን ይህ ስሕተት የሞላበት ሉህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ለአውሮጳ ሊቃውንት የአውራሪስ እውነተኛ መልክ ሆኖ ኖረ። የኅትመት ሥዕል ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ በሚገባ የተረዳው የመጀመሪያው ታላቅ ሠዓሊም ዱረር ነበር።

ዱረር የተወለደው በኑረምበርግ በሜይ 21 ቀን 1471 ነው። አባቱ ከሀንጋሪ አገር የመጣ ወርቅ ሠሪ ነበር፤ እናቱ ባርባራ ከወለደቻቸው 18 ልጆች ለአካለ መጠን የበቁት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የክርስትና አባቱ አንቶን ኮበርገርም በመጀመሪያ ወርቅ ሠሪ ነበር፤ በኋላ ግን ያንን ሙያ ትቶ በጀርመን አገር ከታወቁት መጻሕፍት አሳታሚዎች አንዱ ሆነ። በሕፃኑ ዙሪያ የነበሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች የወደፊት ሥራውን ያመለክታሉ፤ አንደኛው በብረት መቅረጫ በማዕድን ላይ መስመር መሳብን፣ ሁለተኛው አንድን ነገር አብዝቶ አትሞ በየከተማው መሸጥን ያውቁ ነበር።

ልጁ በአባቱ ሱቅ የመቅረጫ ብረት አያያዝ ተማረ። በ13 ዓመቱ፣ በ1484፣ ፊቱን በመስተዋት አይቶ በብር መርፌ የሣለው ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። በ1486 ሚካኤል ቮልገሙት ለተባለው ሠዓሊ በደቀ መዝሙርነት ተሰጠ። የቮልገሙት ቤት ሥዕል ብቻ የሚሣልበት አልነበረም፤ ለመጻሕፍት የሚሆኑ የእንጨት ቅርጾችም ይወጡበት ነበር። ኮበርገር በ1493 ያሳተመው ትልቁ የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ሥዕሎች ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከ1,800 የሚበልጡ ሥዕሎች ሲኖሩ የተቀረጹት ሰሌዳዎች ግን 645 ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ፊት በአንድ ገጽ ንጉሥ፣ በሌላ ገጽ ፈላስፋ ሆኖ ይታያል፤ አንዷም ከተማ የብዙ ከተሞችን ስም ትሸከማለች። የእንጨት ቅርጽ በዚያን ጊዜ የነበረው ግምት ይህን ያህል ነበር፤ ማንም አይቶ ቀለም የሚቀባው የመጽሐፍ ማጀቢያ እንጂ በራሱ ቆሞ የሚሸጥ ሥራ አልነበረም።

ዱረር በ1490 ጉዞ ወጣ። በመዳብ ቅርጽ የታወቀውን ማርቲን ሾንጋወርን ፈልጎ በ1492 ኮልማር ሲደርስ ሰውየው ባለፈው ዓመት ሞቶ ቆየው። በባዝልና በስትራስቡርግ ሠርቶ በ1494 ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 7 ቀን አግነስ ፍራይን አገባ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ወደ ቬኒስ ተሻገረ። በ1495 ግድም ተመልሶ የራሱን ሥራ ቤት ከፈተ።

በ1498 የወጣው የዮሐንስ ራእይ መጽሐፉ አዲስ ነገር ነበር። አሥራ አምስት ታላላቅ የእንጨት ቅርጾች ሲሆኑ እያንዳንዱ አንድ ሙሉ ገጽ ይይዛል። አንዱ ዕትም በጀርመንኛ፣ ሌላው በላቲን ነበር። አዲስነቱ በሥዕሉ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ነው። እስከዚያ ድረስ ሠዓሊ ለአሳታሚ ተቀጥሮ ይነድፍ ነበር፤ ዱረር ግን ነዳፊውም፣ አሳታሚውም፣ ነጋዴውም ራሱ ሆነ። የ27 ዓመት ወጣት ገንዘቡን በወረቀትና በቀለም ላይ አፍስሶ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያወጣ ቢከስር የሚሸፍንለት ባለጸጋ አልነበረውም። በእያንዳንዱም ሉህ ላይ ሁለት ፊደላት አኖረ፤ በትልቁ ኤ እግሮች መካከል የተቀመጠች ዲ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እነዚህ ሁለት ፊደላት በጀርመን፣ በጣሊያንና በፍላንደርስ ገበያ እንደ ገንዘብ ማኅተም የታወቁ ሆኑ።

ንግዱ ግን በጥበብ ብቻ አይሄድም። ዱረር በ1497 ቅጂዎቹን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሚሸጥ ሰው በውል ቀጥሯል። ባለቤቱ አግነስ በፍራንክፈርት ታላቅ ገበያ ቅጂዎቹን ዘርግታ ትሸጥ ነበር፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ቤቱ ያስገባት እናቱም በኑረምበርግ ዓመታዊ በዓል ከሚሸጡት አንዷ ነበረች። የዱረር የቅርብ ወዳጅ የነበረው ሊቁ ፒርክሃይመር ከዱረር ሞት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ አግነስን ገንዘብ ወዳድና ባሏን በሥራ ያደከመች አድርጎ ስለከሰሳት ብዙ ጸሐፊዎች ይህንኑ ተቀብለው ደጋግመውታል። ፒርክሃይመር ይህን ሲጽፍ ታሞ በቤቱ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ይመኛቸው የነበሩትን የአጋዘን ቀንዶች አግነስ ለሌላ ሰው ስለሸጠችበትም ተቀይሞ ነበር። የገበያ ትርፍ ምን እንደሆነ የማያውቅ ባለጸጋ፣ በየገበያው ቆማ ሉህ ስትቆጥር የኖረችን ሴት መንቀፉ ሚዛኑን የጠበቀ ፍርድ አይመስልም። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት የሠሩትን ሀብት አብረው መሥራታቸውን መዝገቡ ይመሰክራል።

የዱረርን ቅጂዎች ዋጋ ለመረዳት የሁለቱን የኅትመት መንገዶች ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። በእንጨት ቅርጽ ሠዓሊው በሰሌዳው ላይ ይነድፋል፤ ሙያተኛ ጠራቢ መስመሩን ትቶ ዙሪያውን ይጠርባል፤ ቀለም የሚይዘው ጎልቶ የቀረው መስመር ነው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ሊያወጣ ይችላል፤ የሚጎዳውም ቀስ በቀስ ነው፤ የዳር መስመሩ ይሸረፋል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይበላዋል። በመዳብ ቅርጽ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መቅረጫው መዳቡን እያረሰ ቦይ ይከፍታል፤ ቀለም በቦዩ ውስጥ ይሞላል፤ የላዩ ተጠርጎ ይጸዳል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ ጥቅል ሲጫን ወረቀቱ ከቦዩ ውስጥ ቀለሙን ይስባል። መጫኑና መጥረጉ ራሱ መዳቡን ይበላዋል። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ጥቁራቸው የጠለቀ፣ ቀጭኑ መስመራቸው የጠራ፣ ብርሃንና ጥላቸው የተለያየ ነው፤ ጥቂት መቶ ቅጂ ከወጣ በኋላ ቦዩ ይደፈናል፣ ጥላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠፋል። በመርፌ በደረቁ የተጫረ መዳብ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ መርፌው ከጭረቱ ዳር የሚተወው ፍቅፋቂ የሚሰጠው ለስላሳ ጥቁር ከጥቂት ደርዘን ቅጂ በኋላ ይጠፋል። ዱረር በዚህ መንገድ በ1512 አካባቢ ሦስት ሰሌዳ ብቻ ሠርቶ ተወው። ከገበያ አንጻር ሲታይ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ስለሆነም ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ሉሆች በስም አንድ ሲሆኑ በመልክ ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። በ1504 የሠራው የአዳምና የሔዋን መዳብ ቅርጽ ይህን በሚገባ ያሳያል። ሰሌዳው ሳይጠናቀቅ የወጡ የሙከራ ቅጂዎች ስላሉ ዱረር ከዳር እየጀመረ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጥራት እየሠራ ወደ ቀጣዩ ክፍል እንደሚያልፍ ማየት ይቻላል፤ የቁም ምስሎቹ ገና ነጭ ሆነው ሳለ ከጀርባቸው ያለው ዛፍ ቅርፊት አልቆ ይታያል። እንዲህ ያለ የሙከራ ሉህ በሠዓሊው ዘመን ዋጋ የሌለው ወረቀት ነበር። ለዛሬ ሰብሳቢ ግን ከተጠናቀቀው ይበልጥበታል።

በ1505 ዱረር እንደገና ቬኒስ ሄዶ እስከ 1507 ቆየ። እዚያም የዝናው ሌላ ፊት ገጠመው። ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የተባለ ወጣት ጣሊያናዊ ቀራጭ የዱረርን የእመቤታችን ሕይወት የእንጨት ቅርጾች አንድ በአንድ በመዳብ እየገለበጠ፣ ሁለቱን ፊደላት ጭምር እያኖረ አወጣቸው። የጣሊያን ሠዓልያንን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ፣ ዱረር በዚህ ተቆጥቶ ለቬኒስ መንግሥት አቤቱታ እንዳቀረበና ያገኘው ፍርድ ሌላው ሰው ፊደላቱን እንዳይጠቀም የሚከለክል ብቻ እንደነበረ ይተርካል። ቫዛሪ ከነገሩ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የጻፈ በመሆኑ ዝርዝሩ ያጠራጥራል። በኑረምበርግ መዝገብ የሚገኘው ግን ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ በጃንዋሪ 1512 የከተማው ምክር ቤት በአደባባይ የዱረርን ምልክት የያዙ የውሸት ቅጂዎችን ሲሸጥ የተገኘ እንግዳ ሰው ምልክቱን ሁሉ እንዲያጠፋ፣ እምቢ ካለ ግን ሉሆቹ እንዲወረሱበት አዘዘ። ሥዕሉን ከመገልበጥ አልከለከለውም። ሕጉ የጠበቀው የሥዕሉን ሐሳብ ሳይሆን የእጁን ማረጋገጫ ነበር። ዱረር በ1511 ትላልቆቹን መጻሕፍት እንደገና ሲያሳትም በመጨረሻው ገጽ ለገልባጮች ኃይለ ቃል ያለበት ማስጠንቀቂያ ጨምሮ የንጉሠ ነገሥቱ የማክሲሚልያን ጥበቃ እንዳለው ማሳወቁም ከዚህ የተነሣ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ዱረር ሕይወቱን የሚወስን ሒሳብ ሠራ። ያኮብ ሄለር የተባለ የፍራንክፈርት ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ሥዕል በ130 ጉልደን እንዲሣልለት ተዋውሎ ነበር። ዱረር ቀለም በቀለም ላይ እየደራረበ ከአንድ ዓመት በላይ ደከመበት፤ ዋጋው እንዲጨመርለት ቢጠይቅ ሄለር ተቆጣ፤ ብዙ ደብዳቤ ከተለዋወጡ በኋላ 200 ጉልደን ተከፈለው። ዱረርም በ1509 ለዚሁ ሰው በጻፈው ላይ እንዲህ ያለ የቀለም ሥራ ሁለተኛ እንደማይዝ፣ ያንን ጊዜ በመዳብ ቅርጽ ላይ ቢያውለው ኖሮ ሀብታም ይሆን እንደነበረ በግልጽ አስታውቋል። የሄለር ሥዕል በኋላ የባቫርያ መስፍን ገዝቶት በ1729 በሙኒክ በእሳት ወደመ፤ የቀረው በሌላ እጅ የተሣለ ግልባጭ ነው። በዚያው ዘመን በጥቂት ሳንቲም የተሸጡት ሉሆች ግን በየቤተ መዘክሩ አሉ።

ዱረር ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት አብዛኛውን ድካሙን በመዳብ ላይ አዋለ፤ የሙያው ጫፍ የሚባሉት ሦስት ሉሆችም ያኔ ወጡ። በ1513 ፈረሰኛው፣ ሞትና ዲያብሎስ፣ በ1514 ቅዱስ ሄሮኒሞስ በክፍሉ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ሜሌንኮሊያ የተባለው ታተሙ። ከሜይ 1514 ወዲህ እናቱን የቀበረ ሰው ነበር፤ ከመሞቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የገረጣ ፊቷን በከሰል ሥሎታል። በሜሌንኮሊያ ሉህ ግድግዳ ላይ አሥራ ስድስት ቁጥሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ አለ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢደመሩ 34 ይሆናሉ፤ የታችኛው ረድፍ መካከል 15 እና 14 ሆኖ ዓመቱን ይናገራል። በመዳብ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ስለሚቀረጽ የዱረር እጅ በአንድ ቦታ ተሳሳተች፤ 9 ቁጥር ዞራ ወጣች። ስሕተቱን አይቶ አርሞ ኅትመቱን ቀጠለ። ዘጠኟ የዞረችባቸው ጥቂት ሉሆች ግን አምልጠዋል፤ እጅግ ብርቅ ከሆኑት የዱረር ቅጂዎች ውስጥም ይቆጠራሉ። ሠዓሊው ሊያጠፋው የፈለገውን ገበያው አከበረው።

ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ለክብሩ የሚሆን ከ190 በላይ ሰሌዳዎች የተገጣጠሙበት ታላቅ የድል በር በወረቀት አሠርቶ ነበር፤ ከፍታው ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ዱረርም በዓመት 100 ጉልደን ጡረታ ተቆረጠለት። ንጉሡ በጃንዋሪ 1519 ሲሞት ግን የኑረምበርግ ከተማ አዲሱ ንጉሥ ካላጸደቀ አልከፍልም አለ። ስለዚህ ዱረር በጁላይ 1520 አግነስንና የቤት ሠራተኛቸውን ይዞ ካርል 5ኛን ፍለጋ ወደ ኔዘርላንድ ወጣ። ሥንቁ ብር ሳይሆን ሳጥን ሙሉ ቅጂ ነበር።

በዚህ ጉዞ የያዘው የሒሳብ ማስታወሻ ለኅትመት ሥዕል ታሪክ ከፍተኛ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ከዚያ ዘመን ሠዓሊው ራሱ የሸጠበትን ዋጋ በእጁ የመዘገበበት ሰነድ ብርቅ ነው። በአንትወርፕ ለአንድ ነጋዴ 16 ትንንሽ የሕማማት መጻሕፍትን በ4 ጉልደን፣ 32 ትላልቅ መጻሕፍትን በ8 ጉልደን፣ በመዳብ የተቀረጹ 6 የሕማማት ስብስቦችን በ3 ጉልደን ሸጧል። ሒሳቡ ቢሠራ በእንጨት የታተመው ትንሹ ሕማማት 37 ሥዕሎች ይዞ ሩብ ጉልደን ሲያወጣ፣ በመዳብ የታተመው 16 ሉሆች ብቻ ይዞ፣ ያውም መጠኑ ከእጅ መዳፍ ብዙ የማይበልጥ፣ ግማሽ ጉልደን አውጥቷል። ልዩነቱን ያመጣው የሰሌዳው ዕድሜ ነው። ገዢው በወረቀቱ ስፋት ሳይሆን በጥራቱና በቁጥሩ ማነስ እንዲከፍል ዱረር በእነዚህ ዋጋዎች አስተምሮታል ማለት ይቻላል።

ስጦታውም ከሽያጩ አያንስም ነበር። ሄሮኒሞስንና ሜሌንኮሊያን ጎን ለጎን አድርጎ ለባለሥልጣንና ለባለውለታ ሰጥቷል፤ የሉካስ ፋን ላይደንን መዳብ ቅርጾች በ8 ጉልደን ዋጋ በራሱ ቅጂዎች ለውጦ ወስዷል፤ ሙሉ ስብስብ ወደ ሮማ ልኮ በምትኩ ከራፋኤል ሥራዎች እንዲመጣለት ተስማምቷል። የኔዘርላንድ እንደራሴ ለነበረችው ለማርጋሬት የሠራውን ሁሉ በነጻ ሰጣት፤ እርሷ ግን የአባቷን የማክሲሚልያንን የቀለም ሥዕል ሲያሳያት ስላልወደደችው ወስዶ በእንግሊዝ ነጭ ጨርቅ ለወጠው። የፖርቱጋል ነጋዴዎች ወኪሎች ስኳር፣ በቀቀንና የሕንድ ፍሬ ላኩለት፤ ከእነርሱም የአንደኛው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ካታሪና የተባለች የ20 ዓመት አፍሪቃዊት በ1521 ዓይኗን ሰብራ ሥሏታል። በኖቬምበር 1520 ጡረታው ጸደቀለት። ወደ ዜላንድ ባሕር ዳር የተጣለ ዓሣ ነባሪ ሊያይ ሄዶ ግን ዓሣውን ማዕበል ወስዶት ቆየው፤ በዚያው ሰሞን የጀመረው ትኩሳትም እስከ ዕለተ ሞቱ አለቀቀውም። በማስታወሻው መጨረሻ ሒሳቡን ደምሮ በጉዞው እንደከሰረ አስፍሯል።

የመጨረሻ ዓመታቱን ለመጻሕፍት ሰጠ። የልኬት መጽሐፉ በ1525፣ የምሽግ ሥራ መጽሐፉ በ1527 ታተሙ፤ ስለ ሰው አካል መጠን የጻፈው በማተሚያ ላይ እንዳለ አፕሪል 6 ቀን 1528 በ56 ዓመቱ ሞተ። የተወው ሀብት 6,874 ጉልደን ተገመተ፤ ይኸውም የንጉሥ ጡረታው የ68 ዓመት ያህል ነው። አግነስ መጽሐፉን አሳተመች፤ በዚያው ዓመት ሌሎች የባሏን ሐሳብ ቀምተው እንዳያወጡ ለምክር ቤቱ አመልክታ አስከለከለች። እስከ 1539 ኖረች።

ከሞቱ በኋላ ሰሌዳዎቹ አላረፉም። አንዳንዶቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ለዘመናት ታተመባቸው፤ የደከመውን መዳብ እንደገና በመቅረጫ የነካኩትም ነበሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ የዱረርን ሥራዎች አጥብቆ ይሰበስብ ስለነበረ ፍላጎቱ ናረ፤ የአንትወርፑ ዮሐንስ ቪሪክስ ገና በልጅነቱ የዱረርን መዳብ ቅርጾች ለባለሙያ እንኳ በሚያስቸግር ጥራት ገለበጣቸው። የትንሹ ሕማማት ሰሌዳዎች አብዛኞቹ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። በእርሳስ ቁጥር መስጠትና መፈረም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዱረር ሉሆች ላይ ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። መርማሪው የሚያየው ሌላ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የውሃ ምልክቱን ይፈልጋል፤ የበሬ ራስ ነው ወይስ ከፍተኛ ዘውድ? የቪየናው ዮሴፍ ሜደር በ1932 ባወጣው መዝገብ የዱረርን ቅጂዎች በዚሁ መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ ሰጥቷቸዋል። ከዚያ የመስመሩ ጥራት፣ የሰሌዳው ጭረት፣ የኅዳጉ መኖርና አለመኖር ይመረመራል። የጥንት ሰብሳቢዎች ሉሆቹን እስከ ዳር መስመሩ ቆርጠው በጥራዝ ላይ ይለጥፏቸው ስለነበረ ጥቂት ሚሊ ሜትር ኅዳግ የቀረለት ሉህ እንኳ ይፈለጋል። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ስለ ጥራት ምንም እንደማይናገር ለሙያው ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው እርሱን ነው።

ወደ ኢትዮጵያም የአውሮጳ ኅትመት ሥዕል በራሱ መንገድ ደርሷል። በ1590 እና 1591 በሮማ የታተመው፣ ቴምፔስታ የነደፋቸው የእንጨት ቅርጾች ያሉበት የዐረብኛ ወንጌል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለጎንደር ወንጌላት ሠዓሊዎች አብነት ሆኖ አገልግሏል። እነርሱ ከሉሁ የወሰዱትን አቀማመጥ በብራና ላይ በራሳቸው ቀለምና መልክ መለሱት፤ የማንንም ፊደላት አልገለበጡም፤ የራሳቸውንም አላኖሩም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1960ዎቹ ዓመታት ሐንሰን ባሂያ የተባለው የሐምቡርግ ተወላጅ የእንጨት ቅርጽ ባለሙያ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ያመጣው ሙያ ዱረር ከሠራበት ጋር አንድ ነው፤ ሰሌዳ፣ መጥረቢያ፣ ጥቁር ቀለም።

የአውራሪሱ ሰሌዳ ከሁሉም ይልቅ ረጅም መንገድ ሄዷል። እንስሳው ራሱ ለሊቀ ጳጳሱ ለሊዮ 10ኛ ስጦታ ሆኖ ወደ ሮማ ሲጓዝ በጣሊያን ባሕር ላይ መርከቡ ሰጥሞ ሞተ። ሰሌዳው ግን በተለያዩ ሰዎች እጅ ቢያንስ ስምንት ዕትም አወጣ። ነቀዝ በላው፤ በእግሮቹ በኩል ረጅም ስንጥቅ ገባበት። ከ1620 በኋላ በአምስተርዳም ቪለም ያንሰን ሌላ የቀለም ሰሌዳ ደርቦ፣ ጥላ ሰጥቶ አተመው፤ ስንጥቁ ግን በዚያም ላይ ይታያል። በጃንዋሪ 2013 በኒው ዮርክ ከተማ በተደረገ ሐራጅ ከ1515ቱ ከመጀመሪያው ዕትም የሆነ፣ ከአናቱ አምስት መስመር ጽሑፍ ያለበት አንድ ሉህ በ866,500 የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ ለዱረር ኅትመት በሐራጅ ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ስንጥቁ የሚታይባቸው የኋለኞቹ ሉሆች ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ።